ባቡር አቀበት የሚፈራው ለምንድን ነው?

የኢትዮጵያን ካርታ ዘርግታችሁ የድሮውን የጅቡቲ–አዲስ አበባ የባቡር መስመር በጣታችሁ ብትከተሉ አንድ የሚያስገርም ነገር ታገኛላችሁ። ሐዲዱ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በረሃውን በማቋረጥ ወደ ሐረር አቅጣጫ ያመራል፤ ሐረር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ግን ሐሳቡን የለወጠ ይመስል ወደ ምዕራብ ይታጠፍና የተራራውን ግርጌ ይዞ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ሐረር በዘመኑ የምሥራቁ ንግድ እምብርት ነበረች። ዐፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊስ ተወላጁ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ሥራ ፈቃድ ሲሰጡም ሐረር በዕቅዱ ውስጥ ነበረች። ይሁን እንጂ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ የደረሰው ከተራራው በታች ወደሚገኝ ሜዳ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ የተቆረቆረችው ከተማ፣ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው፣ የዛሬዋ ድሬዳዋ ናት።

ምክንያቱ የገንዘብ እጥረት ነው ብለው የሚያስረዱ አሉ፤ ተሳስተዋል አንልም። የባቡር ኩባንያው በእርግጥም ከዕዳ ወደ ዕዳ ሲሸጋገር ኖሯል። ነገር ግን ሐረርን ለመድረስ ያን ያህል ገንዘብ የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ ስንጠይቅ፣ ከታሪክ መጽሐፍ ወጥተን ወደ ፊዚክስ መጽሐፍ እንገባለን። እዚያም የምናገኘው አንድ አነስተኛ ቁጥር ነው፤ ይኸውም ብረት በብረት ላይ ሲያርፍ የሚኖረው የሰበቃ መጠን ነው። በዚህ ጽሑፍ ያንን ቁጥር ተከትለን እንጓዛለን።

ለስላሳ ብረት በለስላሳ ብረት ላይ

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። «ባቡር» የሚለው ቃል በአውሮፓ ቋንቋዎች እንፋሎት ማለት ከሆነው ቃል በዐረብኛ በኩል አድርጎ የደረሰን ነው። ስለዚህም አባቶቻችን በእንፋሎት የሚሠራውን ሁሉ ባቡር ይሉት ነበር። በምኒልክ ዘመን በሰርኪስ ቴርዚያን አማካይነት አዲስ አበባ የገባው መንገድ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» ተብሏል፤ የእህል ወፍጮንም ባቡር የሚሉ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። እንግዲህ በስሙ ከሄድን ባቡርን ባቡር ያሰኘው ሐዲዱ ሳይሆን እንፋሎቱ ነው። በፊዚክስ ዓይን ሲታይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እንፋሎቱ ከብዙ ዓመታት በፊት አልፏል፤ የናፍጣና የኤሌክትሪክ ሞተር ተክቶታል። የቀረው የብረቱ መንኮራኩርና የብረቱ ሐዲድ ነው።

በእንፋሎት የሚሠራ ተሽከርካሪ ሐዲድ ላይ ጭነት ሲጎትት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1804 በዌልስ አገር ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሪቻርድ ትሬቪቲክ የሠራው ማሽን አሥር ቶን ብረትና ሰባ ያህል ሰዎችን ጭኖ ወደ 15 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ከአራት ሰዓት በላይ ወስዶበት ተጉዟል። ማሽኑ ሥራውን በሚገባ ተወጣ፤ ያልቻለው ሐዲዱ ነበር። ከሸክላ ብረት የተሠራው የዚያ ዘመን ሐዲድ ክብደቱን መሸከም ስላቃተው ይሰባበር ጀመር።

ከዚህ በኋላ የተከተለው የሃያ ዓመት ያህል ታሪክ ለተማሪ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ምክንያቱም ብልህ ሰዎች በአንድ የተሳሳተ ግምት እንዴት እንደሚታሰሩ ያሳያል። ጥርጣሬው ይህ ነበር፦ ለስላሳ መንኮራኩር በለስላሳ ሐዲድ ላይ ሲዞር ባለበት ይሽከረከራል እንጂ ከባድ ጭነት ሊጎትት አይችልም። ጥርጣሬውን ለማምለጥ ጆን ብሌንኪንሶፕ እ.ኤ.አ. በ1812 በሐዲዱ ጎን ጥርስ አበጅቶ ጥርስ ባለው መንኮራኩር የሚሳብ ባቡር በሥራ ላይ አዋለ። ዊልያም ብረንተን የተባለው ደግሞ ከዚህም አልፎ፣ ከኋላው በሁለት የብረት እግሮች መሬቱን እየገፋ የሚሄድ «የእንፋሎት ፈረስ» ሠራ። ሳቃችሁን እንረዳለን፤ ግን በዘመኑ ሰው ዓይን ስናየው ፈረስ የሚጎትተው በእግሩ ነውና ሐሳቡ ያን ያህል ሞኝነት አልነበረም። እግረኛው ማሽን እ.ኤ.አ. በ1815 ፈንድቶ ሰው ገደለ።

ጥርጣሬውን በሙከራ የፈታው ዊልያም ሄድሊ ነው። ሰዎች በእጃቸው እያዞሩ የሚነዱት ጋሪ ሠርቶ ክብደት እየጨመረና እየቀነሰ ምን ያህል እንደሚጎትት ለካ። ያገኘውም መልስ ዛሬ በመማሪያ መጽሐፎቻችን የምናስተምረው ነው፦ መንኮራኩሩ ሳይንሸራተት ሊያወጣ የሚችለው ከፍተኛ ኃይል መንኮራኩሩ ከተሸከመው ክብደት ጋር ይመጣጠናል። ማሽኑ በቂ ክብደት ካለው ጥርስም ሆነ እግር አያስፈልገውም። ጆርጅ እስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1825 የስቶክተን–ዳርሊንግተንን፣ በ1830 ደግሞ የሊቨርፑል–ማንቸስተርን መስመር ለሥራ ያበቃው በዚህ መሠረት ላይ ቆሞ ነው።

ስሌቱ

አሁን ቁጥሩን እንያዝ። ደረቅ ብረት በደረቅ ብረት ላይ ሲያርፍ የሰበቃው ኮኤፊሸንት በባቡር ሥራ ላይ ከ0.25 እስከ 0.35 ገደማ ነው። ዝናብ ሲመታው ወደ 0.1 እና 0.2 መካከል ይወርዳል። የመኪና ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ያለው ግን 0.7 እና ከዚያም በላይ ነው። እንግዲህ ባቡር መሬት በመቆንጠጥ ረገድ ከመኪና እጅግ ያነሰ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ለምን እንጠቀምበታለን? ምክንያቱም ሌላ ቁጥር አለ። መንኮራኩር ሲንከባለል የሚገጥመው ተቃውሞ ለመኪና ጎማ ከክብደቱ አንድ መቶኛ ያህል ሲሆን፣ ለብረት መንኮራኩር ግን ከአንድ ሺሕ አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ነው። የጎማ ላስቲክ በዞረ ቁጥር ይጨመቃል፣ ይላቀቃል፣ ይሞቃል፤ ሙቀቱም ከነዳጁ የተወሰደ ነው። ብረት ግን አይጨመቅም ሊባል ይቻላል። አንድ የባቡር መንኮራኩር ሐዲዱን የሚነካው ከአውራ ጣት ጥፍር በማትበልጥ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ብዙ ቶን የሚመዝን ጭነት በዚያች ጥፍር ላይ ያርፋል። ከዚህ የተነሣ ሃያ ቶን የሚመዝን ፉርጎ በደልዳላ ሐዲድ ላይ አንዴ ከተንቀሳቀሰ በኋላ እንዳይቆም የሚያስፈልገው 400 ኒውተን ያህል ነው፤ ይህም አርባ ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ለማንሣት ከሚያስፈልገው ኃይል አይበልጥም። ሁለት ጎረምሶች ይበቁታል።

ደልዳላ ስንል ግን በእርግጥ ደልዳላ መሆን አለበት። ሎኮሞቲቩን ጨምሮ 1,000 ቶን የሚመዝን ባቡር እንውሰድ። በሜዳ ላይ የሚያስፈልገው ኃይል፣ ተቃውሞውን ሁለት ሺሕኛ አድርገን ስናሰላ፣ 20 ኪሎ ኒውተን ነው። መንገዱ በየመቶ ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ ከፍ ቢል (በእግር ስትሄዱ አቀበት መሆኑን እንኳ ላታስተውሉ ትችላላችሁ) የስበት ድርሻ ብቻውን 100 ኪሎ ኒውተን ይሆናል። ድምሩ 120 ነው፤ በዓይን የማይታይ አቀበት የባቡሩን ሸክም ስድስት እጥፍ አደረገው ማለት ነው። ለመኪና ተመሳሳዩ አቀበት ሸክሙን እጥፍ ቢያደርገው ነው።

ሎኮሞቲቩ 80 ቶን ይመዝናል እንበል። ክብደቱ 800 ኪሎ ኒውተን ስለሆነ፣ ኮኤፊሸንቱን 0.25 ብንወስድ፣ ሊጎትት የሚችለው ቢበዛ በ200 ኪሎ ኒውተን ነው። ሞተሩ የቱንም ያህል ኃይለኛ ቢሆን ከዚህ ካለፈ መንኮራኩሩ ባለበት ይሽከረከራል። ከ200 ላይ ለመንከባለል ተቃውሞ የሚሄደውን 20 ስንቀንስ ለአቀበቱ የሚተርፈው 180 ነው፤ ይህም በየመቶ ሜትሩ 1.8 ሜትር የሚወጣ አቀበት ማለት ነው። ዝናብ ዘንቦ ኮኤፊሸንቱ ወደ 0.1 ቢወርድ ደግሞ 0.6 ሜትር ብቻ ይሆናል። መኪና በየመቶ ሜትሩ አሥር ሜትር የሚወጣ ዳገት ያለ ችግር እንደሚወጣ አስታውሱ።

ወደ ሐረር እንመለስ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከበስተደቡቧ እንደ ግንብ የቆመውን ተራራ ወጥቶ ሐረር ለመድረስ መኪና የሚሄድበት መንገድ በሐሮማያ በኩል ያልፋል፤ ሐሮማያ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ናት። ስለዚህ ባቡሩ ቢያንስ 800 ሜትር ሽቅብ መውጣት ነበረበት። በ1.5 በመቶ አቀበት ስናሰላው፣ ሐዲዱ በተራራው ሆድ ላይ እየተጠማዘዘ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ሳያቋርጥ መውጣት ይኖርበታል፤ በየሸለቆው ድልድይ፣ በየገደሉ ዋሻ። ግመልና በቅሎ ግን አቋራጩን ይወጡታል። በቅሎ ሰኮናዋን ድንጋይ ላይ ስትቸክል የሚኖራት ሰበቃ ከብረት መንኮራኩር እጅግ የላቀ ነውና! ኩባንያው የመረጠው ቆላውን ነው። የሐረር ነጋዴም ቡናውን በጭነት ከብት አስወርዶ ድሬዳዋ ላይ ያስጭን ጀመር።

ቀሪው ታሪክ በአጭሩ ይህ ነው፦ ኩባንያው ከሰረ፤ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ኢጣሊያ በመስመሩ ጉዳይ ሲጨቃጨቁ ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ ከዚያም በአዲስ ኩባንያ ተቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገባ። የጣቢያው ሠፈር ዛሬም «ለገሃር» የሚባለው ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር፤ ጠባብ ሐዲድ በጠባብ ኩርባ መታጠፍ ስለሚችል ለተራራማ አገር ርካሽ ነው። ለርካሽነቱ የሚከፈል ሌላ ዋጋ እንዳለው ወደ በኋላ እናያለን።

በትምህርት ምክንያት በአውሮፓ በቆየንባቸው ዓመታት የገጠመንን ጣልቃ እናስገባ። አንድ የኅዳር ጧት በእንግሊዝ አገር አነስተኛ ጣቢያ ቆመን ስንጠብቅ፣ ባቡሩ «በሐዲዱ ላይ በወደቀ ቅጠል ምክንያት» መዘግየቱ በድምፅ ማጉያ ተነገረን። ብዙ መቶ ቶን የሚመዝን ነገር በቅጠል ይቆማል? የሚያሾፉብን መስሎን ነበር። በኋላ ስናጠናው ግን እውነት ሆኖ አገኘነው። መንኮራኩሩ እርጥብ ቅጠልን ሲደፈጥጠው በሐዲዱ ላይ ጠቆር ያለ፣ የሚያሟልጭ ስስ ሽፋን ይጋገራል፤ ኮኤፊሸንቱም እስከ 0.05 እና ከዚያ በታች ይወርዳል። ይህ ደግሞ ለመነሣት ብቻ ሳይሆን ለመቆምም ችግር ነው። መድኃኒቱ ከመቶ ዓመት በላይ አልተለወጠም፤ ከመንኮራኩሩ ፊት ደረቅ አሸዋ መንፋት ነው። ዛሬም እጅግ ዘመናዊ የሆነው ሎኮሞቲቭ የአሸዋ ሣጥን ተሸክሞ ይሄዳል።

እንደ አዲስ አበባው ቀላል ባቡር ያሉት (ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2015 ነው) ችግሩን በሌላ መንገድ ያቃልሉታል። ሞተሮቻቸው የሚገኙት መንገደኛውን በሚይዙት ክፍሎች ሥር ስለሆነ፣ የተሳፋሪው ክብደት ራሱ መንኮራኩሮቹን ወደ ሐዲዱ ይጫናቸዋል። ስለዚህ ከባዱ የጭነት ባቡር የማይደፍረውን ዳገት ይወጣሉ።

ባቡር ያለ መሪ እንዴት ይታጠፋል?

ተማሪዎቻችንን ይህን ስንጠይቃቸው አብዛኞቹ «በመንኮራኩሩ ጠርዝ ላይ ያለው ከንፈር ሐዲዱን ይዞት ነው» ብለው ይመልሳሉ። ከንፈሩ በእርግጥ አለ፤ ግን የመጨረሻ መከላከያ ነው። ሁልጊዜ በእርሱ የሚታጠፍ ቢሆን ኖሮ ከንፈሩም ሐዲዱም በአጭር ጊዜ ተፋግተው ያልቁ ነበር።

ችግሩን በግልጽ እናስቀምጠው። ሁለቱ መንኮራኩሮች ከአንድ አክስል ጋር በጽኑ የተያያዙ ስለሆኑ እኩል ይዞራሉ። ነገር ግን ባለ አንድ ሜትር ሐዲድ በቀኝ ማዕዘን ሲታጠፍ የውጪው ሐዲድ ከውስጠኛው ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማል። እኩል የሚዞሩ መንኮራኩሮች እኩል ያልሆነ መንገድ እንዴት ይሄዳሉ? መኪና ይህን የሚፈታው በዲፈረንሺያል ነው፤ ባቡር ግን ዲፈረንሺያል የለውም።

መልሱን በእጃችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። አፋቸው ሰፋ፣ ታቻቸው ጠበብ ያለ ሁለት የፕላስቲክ ኩባያዎች ወስዳችሁ አፍ ለአፍ አጣብቋቸው። ከዚያም ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎችን ትይዩ አድርጋችሁ፣ ጥቂት አዘቅዝቃችሁ፣ ኩባያዎቹን በላያቸው ላይ አንከባልሉ። ጠማማ አድርጋችሁ ብትለቋቸው እንኳ ራሳቸውን እያቃኑ እስከ መጨረሻው ይወርዳሉ። አሁን ኩባያዎቹን አላቃችሁ ታች ለታች አጣብቋቸውና ድገሙት፤ ገና ከመጀመራቸው ይወድቃሉ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አፍ ለአፍ የተያያዙት ኩባያዎች ወደ ግራ ቢሸሹ፣ የግራው ዘንግ የሚነካቸው ወፍራሙ ወገባቸው አጠገብ ሲሆን የቀኙ ቀጭኑ ጫፋቸው አጠገብ ነው። ወፍራሙ በአንድ ዙር ረዘም ያለ መንገድ ስለሚሄድ ግራው ይቀድማል፤ ኩባያዎቹም ወደ ቀኝ ይመለሳሉ። የባቡር መንኮራኩርም ልክ እንዲሁ ወደ ውስጥ ወፍሮ ወደ ውጪ የሚቀጥን ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሃያ አንድ በሆነ ዝንባሌ። በኩርባ ላይ መንኮራኩሮቹ ወደ ውጪ ሲገፉ የውጪው በወፍራሙ፣ የውስጠኛው በቀጭኑ ክፍሉ ይንከባለላል። ኩርባውም ያለ መሪ፣ ያለ ዲፈረንሺያል ይታለፋል።

ይህ ብልሃት ግን ቀንጃ አይደለም፤ መዘዝ አለው። መንኮራኩሮቹ ወደ መሐል ሲመለሱ መሐሉን አልፈው ይሄዳሉ፣ እንደገና ይመለሳሉ፤ እንደ ፔንዱለም ማለት ነው። በቀጥታ ሐዲድ ላይ ባቡሩ እንደ እባብ በመጠኑ እየተዋለለ ይሄዳል። በተለመደው የመንኮራኩር መጠን ስናሰላው የአንዱ ውልዋሌ ርዝመት ከ16 እስከ 17 ሜትር ይመጣል፤ በፍጥነትም አይለወጥም። ስለዚህ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በሰከንድ አንድ ጊዜ፣ በ300 ሲጓዝ አምስት ጊዜ ይወዛወዛል። ውዝዋዜው እያደገ እንዳይሄድ መግታት እ.ኤ.አ. በ1964 በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር የተነሡትን የጃፓን ፈጣን ባቡሮች መሐንዲሶች እጅግ ካስጨነቋቸው ጉዳዮች አንዱ ነበር።

አዋሽ፣ ጥር 6 ቀን 1977 ዓ.ም.

በዚህ ዕለት (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 1985) አንድ የመንገደኞች ባቡር በአዋሽ አጠገብ ኩርባ ላይ ያለ ድልድይ ሲሻገር ከሐዲዱ ወጥቶ ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ እጅግ ከከፉት አንዱ ነው። ባቡሩ ኩርባውን ሲገባ ፍጥነቱን አልቀነሰም ነበር። ይህን አደጋ ለተማሪዎቻችን ሳናነሣ የክብ እንቅስቃሴን ምዕራፍ አናልፍም፤ በክፍላችን ውስጥ ዘመድ የሞተበት ተማሪ የተገኘበት ጊዜም አለ።

በኩርባ ላይ ባቡሩን ወደ ውጪ የሚገለብጠው ዝንባሌ በፍጥነት ካሬ ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን እርሱ አራት እጥፍ ይሆናል። ባቡሩን የሚይዘው ደግሞ የራሱ ክብደትና የሐዲዱ ስፋት ነው። ለምሳሌ ያህል (የአዋሹን ድልድይ ልክ የሚመለከት አይደለም) የኩርባው ሬዲየስ 150 ሜትር፣ የፉርጎው የክብደት ማዕከል ከሐዲዱ በላይ 1.5 ሜትር ይሁን። በጠባቡ ሐዲድ ላይ ፉርጎው የሚገለበጥበት ፍጥነት በሰዓት 82 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ በ1,435 ሚሊ ሜትሩ ሰፊ ሐዲድ ላይ ወደ 98 ያድጋል። የጠባቡ ሐዲድ ዋጋ ያልነው ይህን ነው። እውነተኛው የአደጋ ወሰን ደግሞ ከዚህ ያንሳል፤ ምክንያቱም ሞላዎቹ ፉርጎውን ያዘነብሉታል፣ ሐዲዱ እንከን ይኖረዋል፣ የመንኮራኩሩም ከንፈር ሐዲዱን ሊወጣበት ይችላል።

በስሌቱ ውስጥ መጠነ ቁሱ እንደሚጣፋ ልብ በሉ። ባዶም ሆነ ሙሉ ባቡር የሚገለበጠው በአንድ ፍጥነት ነው። ነገር ግን ሰዎች ቆመው ወይም ጣሪያ ላይ ወጥተው ቢጓዙ የክብደት ማዕከሉ ከፍ ይላል፤ ወሰኑም ይወርዳል። መሐንዲሶች በኩርባ ላይ የውጪውን ሐዲድ ከፍ አድርገው በማንጠፍ ወሰኑን ከፍ ያደርጉታል፤ ግን በልክ ነው። በጣም ከፍ ካለ፣ ቀስ ብሎ የሚያልፍ የጭነት ባቡር የውስጠኛውን ሐዲድ ይጎዳዋል።

«ነጂው ኩርባውን ሲያይ ለምን ፍሬን አይዝም?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይቀርብልናል። እዚህ ላይ ያ አነስተኛ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል። አነስተኛ ሰበቃ ማለት ደካማ ፍሬን ማለት ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ባቡር በየሰከንዱ ግማሽ ሜትር በሰከንድ እየቀነሰ ቢሄድ ለመቆም 500 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ በ2 በመቶ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከ800 ሜትር በላይ። ነጂው ኩርባውን በዓይኑ ሲያየው ብዙውን ጊዜ ጊዜው አልፏል፤ መያዝ ያለበት ከማየቱ በፊት ነው። ለዚህ ነው ባቡር ምልክቶች ያሉት፣ በዛሬዎቹም መስመሮች ላይ ነጂው ቢዘነጋ በራሱ የሚይዝ መሣሪያ የሚገጠመው። ፍሬኑ ራሱ የጆርጅ ዌስቲንግሃውስ ፈጠራ ነው። በ1870ዎቹ መጀመሪያ ባሻሻለው ሥርዓት ፍሬኑን የሚያላቅቀው የታመቀ አየር ነው፤ አየሩ ሲወጣ ይይዛል። ፉርጎ ተበጥሶ ቢቀር ወይም ቧንቧው ቢቀደድ ባቡሩ በራሱ ይቆማል።

ስለ ሐዲዱ ሙቀት

የድሮው መስመር የመንገደኛ አገልግሎት በ2000ዎቹ መገባደጃ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል ተቋረጠ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ሰፊ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራውን ጀመረ። በድሮው ባቡር የተጓዙ ሰዎች ሁሉ የሚያስታውሱት ያ የማያቋርጥ «ቀጭ–ቋ፣ ቀጭ–ቋ» ድምፅ ከሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። ብረት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ከርዝመቱ አሥራ ሁለት ሚሊዮንኛ ያህል ይለጠጣል። ርዝመቱ 12 ሜትር የሆነ ሐዲድ በሌሊትና በቀን መካከል በ40 ዲግሪ ቢሞቅ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይጨምራል፤ በረሃ ላይ በፀሐይ የሚጋል ብረት ይህን ያህል መሞቁ አያስደንቅም። ለዚህ ሲባል በየመገጣጠሚያው ክፍተት ይተው ነበር፤ መንኮራኩሩ ክፍተቱን ሲዘል ነው ድምፁ የሚሰማው።

በዛሬው አሠራር ሐዲዶቹ በብየዳ ተያይዘው ለኪሎ ሜትሮች ያለ ክፍተት ይዘረጋሉ። ታዲያ መለጠጡ የት ሄደ? የትም አልሄደም፤ ሐዲዱ እንዳይለጠጥ በኃይል ተይዟል። በሜትር 50 ኪሎ የሚመዝን ሐዲድ በ30 ዲግሪ ሲሞቅ በውስጡ የሚፈጠረው የመጨመቅ ኃይል 470 ኪሎ ኒውተን ገደማ ነው፤ የ47 ቶን ክብደት ማለት ነው። ያንን ይዞ የሚያስቀረው ከሐዲዱ ሥር የተነጠፈው አግዳሚና አግዳሚውን የቀበረው ጠጠር ነው። ከመስመሩ ላይ ጠጠር ማንሣት ክልክል የሆነውም ስለዚህ ነው፤ ጠጠሩ ከሣሣ ሐዲዱ በቀትር ሙቀት ወደ ጎን ሊጣመም ይችላል።